የካምፒንግ ትሬይለራችሁ የፍሳሽ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ፦ ከቀላሉ ጀምሮ እስከ መቀየር

ካምፑ ደረሳችሁ። ልጆቹ ወደ ጅረቱ ሮጠዋል። እናንተ የፍሳሽ ቱቦውን ልታያይዙ ጎንበስ ብላችኋል። ክዳኑን ገና ትንሽ ዞር ስታደርጉት የሽንት ቤት ውሃ እጃችሁ ላይ ይወርዳል። እኛ ላይ የደረሰው ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ያገለገለ ትሬይለር በገዛንበት በመጀመሪያው ሰመር። አጠገባችን አንድ ቤተሰብ ምሳ ቀርቦለት ነበር። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ቫልቭ እየፈታሁ ገጥሜያለሁ። ያኔ አንድ ሰው በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኝ የነበረውን ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ሁሉ የተበላሸ ቫልቭ አይደለም። ብዙ ጊዜ ቆሽሾ ነው፤ ወይም እጀታው እስከ መጨረሻው ስላልገፋው ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው ቫልቭ እንደሚያፈስና ለምን እንደሚያፈስ እወቁ። እኔ ይሄን ሳላውቅ መጀመሪያ ደህናውን ቫልቭ ነበር የፈታሁት። አንድ ሙሉ ቅዳሜ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሲመሽም ፍሳሹ እንደነበረ ነበር።

ቫልቩ ምንድን ነው?

ትሬይለር ስር በተለምዶ ሦስት ዓይነት ታንክ አለ። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው የእጣቢ ነው፤ የሻወሩና የኩሽናው ውሃ እዚያ ይገባል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግሬይ ይሉታል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ እሱን ብላክ ይሉታል። ተለቅ ያለ ትሬይለር ሁለት የእጣቢ ታንክ ሊኖረው ይችላል። የእጣቢውም የሽንት ቤቱም ታንክ የየራሱ ቫልቭ አለው። ከቫልቮቹ በኋላ ቱቦዎቹ በአብዛኛው ይገናኙና በአንድ አፍ ይወጣሉ። ክዳን ያለው እዚያ አፍ ላይ ነው።

ፍሳሹን መያዝ ያለበት ቫልቩ ነው፤ ክዳኑ መጠባበቂያ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ደረቅ ቱቦ ነው መታየት ያለበት። ቫልቩ ትንሽ እንኳ ካሳለፈ ፍሳሹ ከክዳኑ ኋላ ተጠራቅሞ እናንተን ይጠብቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታንኩ የሚመጣው ቱቦና ወደ ውጭ የሚሄደው ቱቦ ጫፋቸው ላይ ሰፋ ያለ ከንፈር አላቸው፤ ፍላንጅ ይባላል። በሁለቱ ፍላንጆች መሃል የቫልቩ አካል ይገባል። ውስጡ እንደ መሳቢያ የሚንሸራተት ስስ ምላስ አለ። እጀታውን ስትስቡ ይከፈታል፣ ስትገፉ ይዘጋል። ከምላሱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጎሚኒ አለ። ሁሉንም አንድ ላይ ጠርንፈው የሚይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። የሽንት ቤቱ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ኢንች ነው። የእጣቢው ባለ 1.5 ኢንች ነው፤ አንዳንዱ ላይ ግን እሱም ባለ 3 ነው።

ምላሱ ሲዘጋ የሚያርፍበት ጠባብ ቦይ አለ። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ያልሟሟ የሽንት ቤት ወረቀት፣ የምግብ ፍርፋሪ ወይም የረጋ ቅባት ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል። ምላሱም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቆማል። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካምፕ ሄዶ ቡና ሳያፈላ የሚመለስ ሐበሻ አላውቅም። የጀበናው አተላ በኩሽናው ማጠቢያ ከወረደ እንደ አሸዋ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። የዶሮ ወጥ ቅባትም ታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። የእኛ የእጣቢ ቫልቭ ተፈትቶ ሲታይ ውስጡ የነበረው ይኸው ነበር፦ አተላና ቅባት አንድ ላይ ተለውሰው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ታንኮቹን ዳምፕ ስቴሽን (የትሬይለር ፍሳሽ መድፊያ ቦታ) ወስዳችሁ አፍስሱ። በብዙ ካምፖችና በአንዳንድ የትራክ ማቆሚያዎች ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥብላችኋል። ሜዳ ላይ ወይም መንገድ ዳር መድፋት ክልክል ነው። ከክልከላውም በላይ እዚያ መሬት ላይ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ይጫወታል።

ወፍራም የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ሄፓታይተስ ኤን የመሰሉ በሽታዎች በእንዲህ ያለ ቆሻሻ ይተላለፋሉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ። ሲጋራና ማንኛውም እሳት ከአካባቢው ይራቅ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረኪና ሽንት ቤቱ ታንክ ውስጥ አትጨምሩ። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። የፈሰሰበትን መሬት ወይም መሣሪያ በበረኪና ማጽዳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ትሬይለሩ ስር የምትገቡ ከሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። በክሪክ ብቻ በተነሳ ትሬይለር ስር አትግቡ።

የትኛው ነው የሚያፈሰው?

ሁለቱም ታንክ ባዶ፣ ሁለቱም ቫልቭ ዝግ ይሁን። ክዳኑን ክፈቱና ስሩ ባልዲ አድርጉ። የሚወጣ ነገር ካለ ይውጣ። ከቫልቩ በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ካለፈው ጊዜ የቀረ ትንሽ ውሃ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ችግር አይደለም። የቱቦውን አፍ ውስጡን በወረቀት አድርቁ።

አሁን የእጣቢው ታንክ ውስጥ ብቻ 5 ጋሎን ያህል፣ ማለትም ወደ 19 ሊትር ንጹህ ውሃ ጨምሩ። የምግብ ቀለም ጠብ ካደረጋችሁበት ማየቱ ይቀላል። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አፉ ደረቅ ከሆነ እሱን ተዉትና የሽንት ቤቱን በሌላ ቀለም ሞክሩ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትሙሉ፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ፍሳሹ የሚታየው በቱቦው አፍ ሳይሆን ከውጭ፣ ቡሎኖቹ አካባቢ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ጎሚኒው ታጥፏል፣ ቡሎኑ ላልቷል ወይም ፍላንጁ ተሰንጥቋል። መታጠብ አይፈታውም፤ ቀጥታ ወደ መፍታቱ ሂዱ።

መጀመሪያ እጠቡት

ይሄን ደረጃ በጥድፊያ አትለፉት። ከምታስቡት በላይ ይሠራል።

የሚያፈሰውን ታንክ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ውሃ ሙሉት። አንድ ኩባያ የሳህን ሳሙና ጨምሩ። ክዳኑን ግጠሙና ትሬይለሩን ጎትታችሁ ወደ ዳምፕ ስቴሽን ንዱ። በመንገዱ መንገጫገጭ ውሃው ታንኩን ያጥበዋል። እዚያ ስትደርሱ ቱቦውን አያይዛችሁ ቫልቩን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በብዛት የሚወርደው ውሃ ነው ቆሻሻውን ገፍቶ የሚያወጣው። ውሃው ገና በኃይል እየወረደ ሳለ ቫልቩን አራት አምስት ጊዜ ዝጉ፣ ክፈቱ። ምላሱ ቦዩን ይጠርገዋል፣ ውሃው ደግሞ ያወጣዋል። ባዶ ታንክ ላይ እጀታውን ማመላለስ ግን ብዙም ጥቅም የለውም።

ካልበቃ ከፍሳሹ አፍ በኩል ወደ ኋላ ውሃ የሚረጭ መገጣጠሚያ አለ። በአርቪ (የካምፒንግ መኪናና ትሬይለር) ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ የሚያሳይ ፕላስቲክ ያለውን ምረጡ፤ የሚወጣውን ታያላችሁ። ለዚህ ሥራ የተለየ የውሃ ጎማ ይኑራችሁ። የመጠጥ ውሃ የምትቀዱበትን ጎማ በፍጹም አትጠቀሙ፤ በቀለም ለዩት። ውሃውን ከፍታችሁም ዞር አትበሉ። የተረሳ ውሃ ታንኩን ሞልቶ በሽንት ቤቱ በኩል ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ ሲብስ ታንኩን ይሰነጥቃል።

ከዚያ በቀለም ውሃ እንደገና ሞክሩት። ቆመ? አበቃ። ቁልፍ ሳታነሱ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

እጀታው በገመድ የሚሠራ ከሆነ

አንዳንድ ትሬይለር ላይ ቫልቩ ከእጀታው ርቆ፣ ከስር በተሸፈነ ቦታ ነው ያለው። መሃል ላይ እንደ ብስክሌት ፍሬን ዓይነት የብረት ገመድ አለ። ገመዱ ሲረዝም ወይም ማሰሪያው ሲላላ እጀታው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ምላሱ ግን አይዘጋም። ከውጭ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል።

አንድ ሰው እጀታውን ይግፋላችሁ፣ እናንተ ስር ሆናችሁ ቫልቩን ተመልከቱ። የምላሱ ዘንግ እስከ መጨረሻው ካልገባ ገመዱ ቫልቩ ጋ የሚታሰርበትን ብሎን አላሉ። ምላሱን በእጃችሁ ሙሉ በሙሉ ዝጉት። እጀታውም ገብቶ ሳለ መልሳችሁ እሰሩት። ገመዱ በጣም የተጣመመበት ቦታ ካለ ዙሪያውን አስፍታችሁ አስተኙት። ዝጎ ከሆነ ገመዱን ቀይሩት፤ የዛገ ገመድ መልሶ ይይዛል።

የትሬይለሩ ሆድ በፕላስቲክ ሽፋን ተዘግቶ ከሆነ መጀመሪያ ዙሪያውን ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ማውረድ ይቻል እንደሆነ እዩ። ካልሆነ በሦስት በኩል በጥንቃቄ ቀዶ እንደ በር ማጠፍ፣ ሲያልቅም በጠንካራ ውሃ የማያስገባ ቴፕ መዝጋት ነው። ስትቀዱ ቢላውን ጥልቅ አታድርጉት። ከኋላው የመብራት ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ቫልቩን መቀየር

ታጥቦም ተስተካክሎም ካፈሰሰ ጎሚኒው ደርቋል ወይም ምላሱ ተቧጥጧል ማለት ነው። ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይቻላል። የእኔ ምክር ግን አንዴ ከፈታችሁት ቫልቩንም ጎሚኒውንም አብራችሁ ቀይሩ። ዋጋው ብዙ አይለያይም፣ ያው መከራ ደግሞ አይደገምም።

ከመግዛታችሁ በፊት ቫልቩ ላይ የታተመውን ስም አንብቡ። ቫልቴራ ሊሆን ይችላል፣ ባርከር ሊሆን ይችላል። የአንዱን ጎሚኒ ከሌላው ቫልቭ ጋር አታደባልቁ። የቱቦውንም ስፋት አረጋግጡ። ስልካችሁን አውጡና እጀታው ወደየት እንደሚያይ፣ ቡሎኖቹ ከየትኛው ጎን እንደገቡ ፎቶ አንሱ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ሁለት ቁልፍ (አብዛኛው ቡሎን 7/16 ኢንች ይወስዳል)፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የሲሊኮን ግራሶ፣ ሰፊ ገንዳ ወይም ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ሳሙና። ቡሎኖቹ ከዛጉ የማይዝጉ አዳዲስ ግዙ።

ታንኩ በእርግጥ ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። የታንኩን ሙላት የሚያሳየውን ጠቋሚ መብራት አትመኑ፤ ታንኩ ውስጥ ወረቀት ሲለጠፍበት ይዋሻል። ባለ 40 ጋሎን ታንክ ሲሞላ 150 ኪሎ ያህል ፍሳሽ ነው። ቡሎኑ ሲላላ ያ ሁሉ የሚመጣው እናንተ ላይ ነው።

ገንዳውን ከቫልቩ ስር አድርጉ። አራቱን ቡሎኖች አላሉና ትንሽ ቆዩ፤ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ ይውረድ። ከዚያ አውጧቸው። ቫልቩን ወደ ጎን ሳቡት። ከተጣበቀ በካቻቢቴ ቀስ አድርጋችሁ አላቁት፤ የፍላንጁን ፊት ግን አትቧጥጡ። ቱቦዎቹ አልላቀቅ ካሉ ቱቦውን ከትሬይለሩ ጋር የያዘውን ማሰሪያ ፈትታችሁ ትንሽ አላውሱት። በጉልበት አትገንጥሉ። ፕላስቲኩ አርጅቶ ከሆነ ይሰበራል፤ ያኔ የአንድ ሰዓቱ ሥራ የሁለት ቀን ይሆናል።

አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች ከማውለቃችሁ በፊት የትኛው ፊታቸው ወደ ፍላንጁ እንደሆነ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አውልቃችሁ የፍላንጁን ፊት በሳሙና ውሃ እስኪጠራ እጠቡ። በጣታችሁ ዙሪያውን ዳብሱት። የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ ካለ አዲስ ቫልቭ አያድነውም፤ ፍላንጁ ተቆርጦ ሌላ ይጣበቃል። የትሬይለር የፍሳሽ ቱቦ ብዙውን ጊዜ ኤቢኤስ የሚባለው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ማጣበቂያውም ለኤቢኤስ የተሠራው መሆን አለበት፤ የነጩ ፒቪሲ ማጣበቂያ አይሆንም። በዚህ ሥራ እጃችሁ ካልተፍታታ ለባለሙያ ስጡት።

አሁን ወሳኙ ቦታ ላይ ደረስን። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ፍላንጆቹ ላይ አስቀምጡ። የሚታየውን ፊታቸውን በስሱ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡ። ቫዝሊንና የሞተር ግራሶ አይሆኑም፤ ከነዳጅ የተሠራ ነገር ጎማን ያሳብጣል። ቫልቩን ዘግታችሁ በሁለቱ ጎሚኒዎች መሃል ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቫልቩ ሲገባ የጎሚኒውን ጠርዝ ይዞ ያጥፈዋል፤ ከውጭ ደግሞ ቶሎ አይታይም። በመብራት ዙሪያውን ተመልከቱ፣ በጣትም ተከታተሉት። የታጠፈ ከመሰላችሁ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙ። እኔ አንዴ «ይሁን» ብዬ አልፌው ማታ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

አራቱን ቡሎኖች በእጅ ብቻ አስገቡ። ከዚያ በሰያፍ፣ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ እያላችሁ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። በየመሃሉ እጀታውን ሳቡ፣ ግፉ። ቀለል ብሎ መሄድ አለበት። እየከበደ ከመጣ ከልክ በላይ አጥብቃችኋል፤ የቫልቩ አካል ሲጨመቅ ምላሱን ይይዘዋል። እዚህ ላይ ጉልበት አያስፈልግም። ጎሚኒው እኩል ተጭኖ ፍላንጁ ቀጥ ካለ በቂ ነው።

ሙከራው

የሽንት ቤት ቆሻሻ ከመግባቱ በፊት በንጹህ ውሃ ሞክሩ። መጀመሪያ 5 ጋሎን ጨምሩና ቡሎኖቹን ዙሪያ በደረቅ ወረቀት ዳብሱ። ደረቅ ከሆነ ታንኩን ከግማሽ በላይ ሙሉት። ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ ስሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፣ እስከ ጠዋት ይደር። ካርቶኑ ላይ የውሃ ምልክት ከሌለ ሥራው ተሳክቷል። ቡሎኖቹ ጋ ላብ የመሰለ ነገር ካለ እኩል ሩብ ዙር ጨምሩ። በቱቦው አፍ በኩል ከሆነ ምላሱ ሙሉ በሙሉ አልገባም ወይም ጎሚኒው ታጥፏል።

ጉዞ ላይ ሳላችሁ ቢጀምርስ?

ሽርሽሩን አቋርጣችሁ አትመለሱ። በቱቦው አፍ ላይ እንደ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚገጠም ተጨማሪ ቫልቭ አለ። ያለ ምንም መሣሪያ በደቂቃ ይገባል። የራሱ እጀታና የራሱ ክዳን አለው። እሱ ዝግ ሆኖ ክዳኑን ትከፍታላችሁ፣ ቱቦውን ታያይዛላችሁ፣ ከዚያ ትከፍቱታላችሁ። እኔ ቫልቮቼ ደህና ሆነውም ከእዚያ አላወረድኩትም። ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ ግን አቀበትና ጉድጓድ ላይ ተጠንቀቁ።

እንዳይመለስ

ካምፕ ላይ ቱቦው ተያይዞ ቢውልም የሽንት ቤቱን ቫልቭ ክፍት አትተዉ። ውሃው ብቻ ይሄድና ደረቁ ይቀራል፤ እየተከመረም ቫልቩ አፍ ላይ ይጠነክራል። ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዝጉት። ወረቀቱን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ ካልተበታተነ አትግዙት። እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ማሸጊያው ላይ ምንም ይጻፍበት፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ አይግባ። የጀበናውን አተላ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ድፉት። የወጥ ሳህኑን ከማጠባችሁ በፊት በወረቀት ጥረጉት።

እንደ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ባለ በረዷማ አገር የምትኖሩ ደግሞ ትሬይለሩን ለዊንተር ስታቆሙ ታንኮቹን አፍስሱ። ከዚያ ለአርቪ የተሠራውን ሮዝ አንቲፍሪዝ በማጠቢያውም በሽንት ቤቱም ጨምሩ፤ ወርዶ ቫልቩ ጋ ይቀመጥ። የመኪናው አንቲፍሪዝ መርዝ ስለሆነ እዚህ አይገባም። ቦዩ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይስፋፋና የቫልቩን አካል ይሰነጥቃል።

አዲስ ቫልቭ ከገጠማችሁ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ስር ግቡና አራቱን ቡሎኖች በቁልፍ ንኳቸው። መንገዱ ትንሽ አላልቷቸው ይሆናል።